ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ

የቢሮአችን ዴስክቶፕ ዛሬም ጠዋት አልነሳም አለ። ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ወዲያው የሐኪሞች ቦርድ ተሰየመ። አንዱ ጎኑን በጥፊ አለው። ሌላው "ቫይረስ ነው" ብሎ ፈረደ፤ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ይህን በምን እንዳወቀ የጠየቀው የለም። የንብረት ክፍሉ ጋሼ "ሲፒዩው ነው የሞተው" አሉ። እኛ ዘንድ ሲፒዩ ማለት ቆርቆሮው በሙሉ ነው፤ እውነተኛው ሲፒዩ ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ሁሉ ይሠራል፣ ስሙን ሳጥኑ ይወስድበታል።

ሕመምተኛው ግን በሽታውን እየተናገረ ነበር፦ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ትርጉሙ እንደ ማዘርቦርዱ አምራች ቢለያይም ብዙ ጊዜ ሜሞሪ ነው። የሰማችው አንዲት ተለማማጅ ብቻ ናት።

"ጋሼ፣ ላጲስ አለዎት?"

"ተይ ልጄ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!"

ሶኬቱን ነቀለች፣ ጎኑን ከፈተች፣ ሜሞሪውን አውጥታ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ቀጭ እስኪል መለሰችው። ተነሳ። ቦርዱ ጭብጨባውን ለራሱ ወሰደ።

የኮምፒውተሩ ቀን ግን በፈረንጅ 2009 ይላል። እኛ ከፈረንጅ የምንዘገየው 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ ይሄ በልጦናል። ሰዓቱን የምትይዝለት፣ ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ደክማለች። ለመግዛት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩ፤ ቀኑን ራሱ ሞላው። መዝገብ ቤት "ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ" ብሎ መለሰልኝ።