ፉጨት የማይሰማ ማሽን

የፒያሳውን ሲኒማ ኢትዮጵያና የመርካቶውን ሲኒማ ራስ የሚናፍቅ ሰው «ፊልሙ እኮ እየተበጠሰ፣ ጭረት በጭረት ሆኖ ነበር የሚታየው» ሲባል ቶሎ ይረታል። መረታት የለበትም። የ35 ሚሊሜትሩ ፊልም ሲበጠስ ወይም ምስሉ ሲደበዝዝ አዳራሹ በፉጨት ይናጋ ነበር፤ ከኋላ ባለው ክፍል ውስጥ ያለው ኦፕሬተርም ደንግጦ የተበጠሰውን ይቀጥል፣ የደበዘዘውን ያጠራ ነበር። የዛሬው ዲጂታል ማሽን አይጫርም፣ አይበጠስም፤ ፉጨትም አይሰማም። የፕሮጀክተር አምፖል ሲያረጅ ብርሃኑ እንደሚቀንስ ግን ለባለ አዳራሹ የነገረው ያለ አይመስልም። ስለዚህ ጀግናችን በቀትር ፀሐይ የጀመረውን ውጊያ በድንግዝግዝ ይጨርሳል። «አምፖሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው» ይሉናል። እውነት ነው። ታዲያ አምፖሉ በደከመ ቁጥር ትኬቱ ለምን አይረክስም? የተዋናዩ ድምፅ እየተሰማ ፊቱ ካልታየ የሸጣችሁልን ሬዲዮ ነውና በሬዲዮ ዋጋ አስቡልን።