የአሮጌ እንጨት ጡረታ፦ ስለ ፎገራ ዶሮ ቤት የቀረበ ጥናት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ የሩዙን ማሳ ያያል፣ የፎገራን ላም ያያል፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለውን መንገድ ያያል። በየጓሮው የቆመውን ዶሮ ቤት ግን ዞር ብሎ አያየውም። የፋሲል ግንብ ተለክቶ፣ ተነድፎ፣ ተጽፎለት አልቋል። የዶሮ ቤቱን ሥነ ሕንፃ ግን እስካሁን በቅርበት የመረመረው ሸለምጥማጥ ብቻ ነው፤ እርሱም ግኝቱን አላሳተመም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ እንቆቅልሽ መፈታት አለበት። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያቋርጡት ይህ የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የዘሩት ሩዝ ሥር ሰዶ፣ ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። በጃፓን ታካኦ ፉሩኖ የተባለ ገበሬ ዳክዬ ሩዙ ውስጥ እየለቀቀ አረሙንና ተባዩን ያስለቅማል፤ ኩሷም ማዳበሪያ ይሆንለታል። እኛ ዘንድ ደግሞ በበጋ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ የዱር ዳክዬዎች፣ የትራንስፖርት ወጪያቸውን ራሳቸው ሸፍነው፣ ሸሸርና ወላላ ረግረግ ላይ ያርፋሉ። ውሃው አለ፣ ሩዙ አለ፣ ዳክዬዋም መጥታለች። ሆኖም በፎገራ ጓሮ ቤት የተሠራላት ካፊያ ሲነካት የምትሸሸው ዶሮ ናት። ይህ ጸሐፊ ብዙ ካወጣና ካወረደ በኋላ የደረሰበት ምክንያት አንድ ነው፦ ዳክዬን አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ የሚያወጣ ባለሙያ ገና አልተገኘም። ብልቷ ላልታወቀ ወፍ ደግሞ ሚስማር አይባክንም።

አሁን ወደ እንጨቱ። ሜዳው ሩዝ እንጂ ዛፍ አያበቅልም ማለት ይቻላል፤ አጣና በገንዘብ ይገዛል። ስለዚህ በፎገራ እንጨት ከሥራ ይሰናበታል እንጂ አይጣልም፣ የሚሰናበተውም ወደ ዶሮ ቤት ነው። ሁለት በሬ ሲያናክስ የኖረ ቀንበር መሐሉ ሲሰነጠቅ የዶሮ ቆጥ ይሆናል። ዶሮ ቁጢጥ ስትል እግሯ ታጥፎ ጅማቷ ሲወጠር ጣቶቿን ስለሚያስጨብጣት፣ በሬ የታገለውን ዕቃ እርሷ እንቅልፏን ትለጥጥበታለች። የጠፍር አልጋ ጠፍሩ ሲበጠስ እግሮቹ ምሰሶ ይሆናሉ፤ ሙሽሮች የተኙበት ስለሆነ ጥንካሬው የተፈተነ ነው። የፈረሰ ሱቅ ታፔላ ግድግዳ ይሆናል። ከናሙናዎቻችን በአንዱ ላይ «የወንዶች ፀጉር» የሚል ተገልብጦ ይነበባል፤ ነዋሪዎቹ ግን ከአንዱ በስተቀር ሴቶች ናቸው፣ እርሱም ቢሆን ጉትዬውን ለማንም አያስነካም።

ሚስማሩ ከራሱ ከአሮጌው እንጨት ተነቅሎ በድንጋይ ይቃናል። ማጠፊያው ከጎማ ይቆረጣል። ለጣሪያው የዛገ ቆርቆሮና ነፋስ እንዳይወስደው የሚጫን ድንጋይ ይበቃል። ከሁሉ የሚከብደው ውሃ ልኩ ነው፤ የሚጠበቀውም በአላፊ አግዳሚ ዓይን ነው።

«አያ፣ ዘመመ'ኮ!»

«ቤቱ መቼ ዘመመ? የዘመመው መሬቱ ነው!»

ይህ መልስ ለማምለጫ የተሰጠ ይመስላል፤ በአፈር ሳይንስ ግን እንከን የለውም። የሜዳው ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ምሰሶ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ አቋሙን ይለውጣል። ቀጥ ያለ ዶሮ ቤት ካያችሁ ትናንት የተሠራ ነው።

የዶሮ ቤቱ እግር ቁመት ሌላ ክርክር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲውጡት ሰው ከነከብቱ ተፈናቅሏል። ከዚያ በኋላ «ይሄን ያህል ይበቃል» የሚል አናጢ፣ «ያኔ የት ነበርክ?» የሚል ጎረቤት አያጣም። ቤቱ ከፍ ሲል ኩሱ በወለሉ ክፍተት ይወርዳል፤ ከሥር ከመፈልፈያ ቤት የመጣ የሩዝ ገለፈት ከተነሰነሰ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታም ይቀንሳል። ፈንግልን የሚያቆም እንጨት ግን የለም፤ እርሱ የክትባት ጉዳይ ነው።

ከፍታ አደጋም አለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ጉዳይ በሀገራችን ቆጥ ሳቢያ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው ነው። ቆጡን ማን ሠራው? መሰላል ነበረው ወይ? በብብቷ የያዘችውስ ምን ነበር? ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ሕዝቡ ጥፋቱን በተጎጂዋ ላይ ደፍድፎ ስንት ትውልድ ሲተርትባት ኖረ። ጸሐፊው ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት ይጠይቃል።

ምስጥ የመጨረሻውን ፊርማ ሲያኖርበት ዶሮ ቤቱ ይፈርሳል። ደህናው ጣውላ ለሚቀጥለው ቤት ይመረጣል፣ የተበላው ማድ ቤት ይገባል። ይህም ሥራ ብዙ ጊዜ ከበዓል ዋዜማ ጋር ስለሚገጣጠም፣ ነዋሪዋ በገዛ ቤቷ ምሰሶ ስትበስል የማየት ዕድል አጋጥሞናል። በጉዳዩ ላይ የባለቤቲቱን አስተያየት ለመጠየቅ ማስታወሻ ደብተር ይዘን ወደ ምድጃው ጠጋ ብንልም፣ «ሽንኩርቱ ያርርብኛል፣ እስቲ ወጣ በሉ!» ስላሉን ይህ የጥናቱ ክፍል መረጃው አልተሟላም።