ያልተሰለፈው ልጅ፦ ስለ ተስፋ ቡድን፣ ስለ አሰልጣኝና ስለ እንሰት የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ይህ ጥናት የተጀመረው ሱሪ ለማሳጠር ነው። አጥኚው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱሪውን አንጠልጥሎ ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ልብስ ሰፊ ሲገባ፣ ከስፌት መኪናው ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ስለ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ይከራከሩ ነበር። ልጁ የሰረቀው ነገር የለም፤ የደበደበውም ሰው የለም። የተያዘበት ጉዳይ ከተስፋ ቡድን ወደ ዋናው ቡድን አለማደጉ ነበር። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነጥብ እስከ ምሳ ሰዓት አልተቋጨም፤ ሱሪውም አልተቆረጠም። አጥኚው በነጋታው ተመለሰ። ክርክሩ ካቆመበት ቀጥሎ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሰባት ሳምንት ተመላለሰ፤ ለሱሪው ካልሆነ ለእውቀት ይሁን ብሎም ማስታወሻ ያዘ።

በናሙናነት የተወሰዱት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ልብስ ሰፊው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንድ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እንዲሁም ሥራው ምን እንደሆነ ማንም የማያውቅ ነገር ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። የናሙናው ቁጥር ትንሽ ነው የሚል አንባቢ ካለ አምስቱ ሲከራከሩ መጥቶ ያዳምጥ።

ለማያውቅ አንባቢ መነሻውን እናስቀምጥ። ሀዲያ ሆሳዕና፣ በደጋፊው አጠራር ነብሮቹ፣ ፕሪምየር ሊጉን በ2008 ቀምሶ በዓመቱ ወረደ። በ2011 ከሰበታ ከተማና ከወልቂጤ ከተማ ጋር ተመልሶ አደገ። የ2012 ውድድር በኮቪድ ምክንያት ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖረው ተሰረዘ፤ አሰልጣኝ ሁሉ በሰላም ያደረበት ዓመት ነው። ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ። ክለቦቹም በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተባለ በአንድ ጊዜ አንድ ከተማ ላይ ይሰባሰቡ ያዙ። አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ግን ሆሳዕና ላይ፣ ከነበረበት ሳይነቃነቅ ቀረ። ነብሮቹ «ባለሜዳ» ተብለው ሲጻፉ ሜዳው የሌላ ሰው ከተማ ነበር፤ ደጋፊው ባለሜዳነቱን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት እስከ ዛሬ በቂ ትኩረት አላገኘም። የሆሳዕና ሰው ዋናውን ቡድን የሚያየው በጣት በሚለካ ቁመት፣ በመስታወት ውስጥ ነው። በሙሉ ቁመቱ፣ ከነላቡና ከነስድቡ የሚያየው ከትምህርት ቤት ጀርባ የሚጫወተውን ልጅ ነው። ስለዚህ የትኛው ትልቅ መስሎ እንደሚታየው ማስረዳት አያስፈልግም።

የጥናቱ ዋና ግኝት የሚከተለው ነው፦ የአንድ ታዳጊ ችሎታ ከተሰለፈበት ደቂቃ ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ልጁ ከቡድኑ ጋር ባልተጓዘበት ሳምንት «እንደሱ ያለ አማካይ አገሪቱ ውስጥ የለም» ተባለ። ተጉዞ ተቀያሪ ወንበር ላይ በተቀመጠበት ሳምንት «ከሜዳው ውስጥ ካሉት ከብዙዎቹ ይሻላል» ሆነ። ከእሱ ቀደም ብሎ አድጎ አንድ ሙሉ ጨዋታ ስለተጫወተ ሌላ ልጅ ሲጠየቁ፣ አምስቱም መጀመሪያ ስሙን ማስታወስ አቃታቸው፤ ሲያስታውሱ ደግሞ «እሱን ማን አመጣው?» ሲሉ እርስ በርስ ተያዩ። አጥኚው በቀደሙት ገጾች እንደመዘገበው ያመጡት እነሱ ነበሩ።

መረጃው የተጠናቀረበትን መንገድም መግለጽ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊው አሰላለፍ የሚያስረዱት በጠመኔ ነው፤ ጠመኔው ደግሞ በጥቁር ጨርቅ ላይ ነው የሚታየው። በቅርብ የነበረው ጥቁር ጨርቅ የአጥኚው ሱሪ ሆነ። ግብ ጠባቂው ወገቡ ላይ፣ አራቱ ተከላካዮች በኪሶቹ መካከል፣ አማካዮቹ ጭኑ ላይ ተሰመሩ። ያልተሰለፈው ልጅ የተሰጠው ቦታ ግራ ጉልበት ነው፤ ከሌሎቹ በመጠን ተለቅ ባለ ክብ።

ተጠኚዎቹ በሁለት የአስተሳሰብ ጎራ ይከፈላሉ፤ ሁለቱም ከጓሮ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው የእንሰት ጎራ ነው። መሪው መምህሩ ናቸው። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ከአንድ መደብ ወደ ሌላው እየተነቀለ ይተከላል። ተፍቆ ጉድጓድ ከገባ በኋላም እስኪብላላ ይጠበቃል። «ሳይደርስ የቆረጥከው እንሰት» አሉ መምህሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ቆጮም አይሆንህ፣ ጥላም አይሆንህ።» ልጁ ተስፋ ቡድን ውስጥ ይብላላ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው የድንች ጎራ ነው፤ የሚመራው በባጃጅ ሹፌሩ። ድንች በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ አንጋጫና ዶዮገና ላይ ይህን ለማስረዳት የሚነሳ ምሁር መሳቂያ ነው የሚሆነው። ሹፌሩ ለታላቅ ያለውን አክብሮት ሳይዘነጋ «ጋሼ፣ በእርስዎ ስሌት እኮ ልጁ ሲደርስ ጡረታ ይወጣል» አላቸው። መምህሩ ድንች የትናንት መጤ ነው፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ19ኛው መቶ ዘመን ነው ያመጣው፣ እንሰት ግን የአገር ነው ብለው መለሱ። ሹፌሩም ኳስም እኮ መጤ ናት አለ። በዚህ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ተሰማ። በሰባቱ ሳምንት ውስጥ መኪናው የሠራበት ረጅሙ ጊዜ ይህ ነው፤ የተሰፋው ግን የሌላ ሰው ቀሚስ ነበር።

የድንች ጎራ የውጭ ማስረጃም አለው። አርሰናል ኢታን ኑዋኔሪን በመስከረም 2015 ከብሬንትፎርድ ጋር ሲጫወት ያስገባው በ15 ዓመት ከ181 ቀኑ ነው። ተማሪው ይህን ቁጥር ከልደቱ ቀን አብልጦ ያውቀዋል። የእንሰት ጎራ መልስ ደግሞ፣ አስገባው እንጂ በባከነ ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አየኸው የሚል ነው። አጥኚው ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሱሪው በእጃቸው መሆኑን አስታውሶ ዘጋው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስል፦ አሜሪካውያን ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ ወጣቱ በታችኛው ሊግ ደረጃ በደረጃ፣ በየትንሹ ከተማ በአውቶቡስ እየተንገላታ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ደጋፊውም ለምን አልተጠራም እያለ ከአሰልጣኙ ጋር ይጣላል። ልዩነቱ እነሱ የልጁን ትክክለኛ ዕድሜ ማወቃቸው ነው።

ዕድሜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ያስፈልገው ነበር። በአካባቢው ሦስት ዓይነት ዕድሜ እንዳለ ተደርሶበታል፦ እናት የምታውቀው፣ ቀበሌ የጻፈውና ኳስ የሚፈልገው። ሦስቱ አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ አጥኚው አላጋጠመውም። ከ20 ዓመት በታች ስለተባለ አንድ ተከላካይ ሲወራ ያ ሥራው የማይታወቀው ሰው «ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሚኒስትሪ ተፈትኗል» ሲል ጣልቃ ገባ። ታናሽ ወንድሙ ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቁ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናል። ሒሳብ ያስተማሩት ሰው ቁጥሩን ለመደመር ፈቃደኛ አልሆኑም።

ወደ አሰልጣኙ እንለፍ። አሰልጣኝ ማለት ቡድኑ ሲያሸንፍ የማይጠራ፣ ሲሸነፍ ግን በሙሉ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ከጨዋታ በኋላ «ቡድን እየገነባን ነው» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ልዩ ነው፤ «ገንብተናል» ተብሎ ሲነገር የሰማ የለም። ሆሳዕና ላይ ግን ቃሉ ማንንም አያስደነግጥም። በከተማው ዋና መንገድ ላይ ቀና ብሎ የሄደ ሰው ግንባታ ምን እንደሆነ ያውቃል፦ ታች ሻይ ቤትና ሞባይል ቤት ተከራይቶበታል፣ መሐል መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ላይ ፌሮው ለሚመጣው ፎቅ ወደ ሰማይ ቆሟል፣ ባሕር ዛፉ እንደተደገፈ ሸብቷል። ማንም ባለቤቱን አልጨረስክም ብሎ አይወቅሰውም። አሰልጣኝ ግን ፌሮው በወጣ በአሥረኛው ሳምንት ስለ ጣሪያው ይጠየቃል።

በመዝገብ ያለውን ብንወስድ፣ ነብሮቹን በ2013 አሸናፊ በቀለ፣ በ2014 ሙሉጌታ ምህረት፣ ከዚያም ያሬድ ገመቹ አሠልጥነዋል። የመጀመሪያው ብሔራዊ ቡድኑን የያዘ፣ ሁለተኛው ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተ ነው፤ ሰው አልታጣም። ነገር ግን በእንሰት ጎራ መለኪያ ሲሰላ፣ በ2013 የተተከለ እንሰት ገና ሳይቆረጥ ሦስት ዋና አሰልጣኝ አይቷል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ቀጥለው አሁን ያለውም ይነሳ አሉ።

ለንጽጽር ያህል አጥኚው ወደ ዱራሜ ወርዷል። የከምባታው ክለብ ሀምበሪቾ ስሙን ያገኘው ከከተማው አናት ላይ ከቆመው ተራራ ነው፤ ተራራው ላይ ለመውጣት የተሠራው መንገድ 777 ደረጃ አለው። ክለቡ በ2015 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ከሻሸመኔ ከተማ ጋር ፕሪምየር ሊግ ገባ። በ2016 ንግድ ባንክ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሀምበሪቾና ሻሸመኔ ወረዱ። 777 ደረጃ ካለው ከተማ የተነሳ ክለብ የጎደለው ጥቂት ደረጃ ብቻ መሆኑን አጥኚው በቀልድ መልክ ለማንሳት ሞክሮ ነበር፤ ቡና ያፈላችለት ሴት ሁለተኛውን ሲኒ ሳትቀዳለት ቀረች። አጠገቡ የነበረ ጎልማሳ ግን በትዕግሥት መለሰለት፦ «እኛ ልጅ አላጣንም፤ ዓመት ነው ያጣነው።» ዱራሜ ላይ የሆሳዕናን ክርክር እንደ ሀብታም ቤት ጠብ ነው የሚያዩት። ማን ይሰለፍ ብሎ ለመጣላት መጀመሪያ ሊጉ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ድምፁ የሚሰማው ግን አገር ውስጥ የሌለው ተጠኚ ነው። በሀዲያና በከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሰው ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኢሞ ይደውላል። ልብስ ሰፊው ስልኩን ከስፌት መኪናው ጋር አስደግፈው ያቆሙታል፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ይታያል። ሆሳዕናን ካያት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ልጁን አንድም ቀን አላየውም። «ለምን አላስገባውም? ለአሰልጣኙ ንገሩት!» ይላል፤ በመሐል ለደንበኛ ዳቦ ይሸጣል። በአምስተኛው ሳምንት ልጁ የእህቱ ልጅ መሆኑ ታወቀ። ጥናቱ ይህን የጥቅም ግጭት ብሎ መዝግቦታል፤ ሌሎቹ ግን ዝምድና ነው ብለው አልፈውታል።

በሰባተኛው ሳምንት ልጁ ገባ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ አጥኚው ግማሽ መቀመጫ አግኝቶ የባጃጅ ሹፌሩ ጉልበት ላይ ተደግፏል። ሰዓቱ 88ኛ ደቂቃ። ካሜራው መስመሩ ላይ የቆመውን ልጅ ለጥቂት ሴኮንድ አሳየ፤ ካልሲውን እየሳበ ነበር። ከኋላ አንዱ «አድጓል!» ብሎ ጮኸ። በቀሩት ደቂቃዎች ኳሷ ወደ ሌላኛው መስመር ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወጣች። ልጁ በእግሩ አልነካትም። በእጁ ግን ሁለት ጊዜ ወረወራት።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ቤት ስለ ሁለቱ ውርወራዎች የተካሄደው ክርክር በጥናቱ ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ ረጅሙ ነው። የድንች ጎራ አንደኛው ውርወራ ራእይ ያለው ነበር አለ። የእንሰት ጎራ ግራ እግሩ ከመሬት ተነሥቷል፣ ዳኛው ዝም ያለው በልጅነቱ አዝኖ ነው አለ። ተማሪው የተጠቀለለ ጋዜጣ ይዞ ተነሥቶ አሳየ፤ የባጃጅ ሹፌሩ እግሩን ያዘለት። ጆሃንስበርግ አልደወለም። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ «ገና ነው» የሚለው ሐሳብ ከሁለቱም ጎራ መሰማት ጀመረ። ወደ ማታ ላይ ልጁ በፊት ይሻል ነበር ተባለ።

አጥኚው ሱሪውን ጠየቀ። ልብስ ሰፊው አነሡት፣ አራገፉት፣ በብርሃን አዩት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የግራውን ጉልበት ክብ ቀስ አድርገው አጠፉ።

«የሺንሽቾውን ልጅ ያየ አለ?» አሉ።

ማንም አላየውም። መምህሩ በርጩማቸውን ጠጋ አደረጉ፤ ልብስ ሰፊው ጠመኔውን አነሡ።

«ስለሱ ንገሩኝ» አለ የባጃጅ ሹፌሩ።