የእድር መኪና

በሰፈራችን መኪና የሌለው ሰው እንደሞላ ሁሉ መኪና የተረፈውም ሰው አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። አቃቂ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም ሳልርቅ፣ በሁለት ክፍል ቤቴ ፎርድ፣ ሼቭሮሌ፣ ቢዊክ፣ ኦልድስሞቢልና ሜርኩሪ አቁሜአለሁ። ሁሉም የአሜሪካ፣ ሁሉም ስቴሽን ዋገን፣ ሁሉም ቡፌ ላይ። ትልቁ ከመዳፌ አይበልጥም። ባለቤቴ ስኒዎቿ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ከወረዱባት ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እስቲ መኪኖችህን አስነሣልኝ፣ ስኒ ላውጣ» ትለኛለች። እንግዳው ተደናግጦ በመስኮት ወደ ደጅ ያያል።

«ሰው ከሰበሰበ ፌራሪ አይሰበስብም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አብዛኛው ፌራሪ የሚጭነው ሁለት ሰው ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይዞ የሚኬድበት ጉዳይ ደግሞ እኛ ሰፈር የለም። ለቅሶ ሲሆን ጎረቤት ሁሉ ይነሣል፤ ሰርግ ሲሆን ከሚዜው በፊት ድስትና ድንኳን ይጫናል፤ በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ አንድ ሰው ሲነሣ እንኳ «ቆየኝ፣ ነጠላዬን ላድርግ» የሚሉ እትዬዎች ከየበሩ ብቅ ይላሉ። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የሚሆነውን መኪና የአሜሪካ መኪና ሠሪዎቹ ዲትሮይቶች ሠርተውታል፤ እኛን ሳያማክሩ።

ነገሩ የተጀመረው በባቡር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ አሜሪካኖቹ በፎርድ ሞዴል ቲ ሻሲ ላይ የእንጨት ቤት እያሠሩ ከባቡር ጣቢያ መንገደኛና ሻንጣ ይቀበሉበት ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድም በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂን አልፎ ነው። ጣቢያ ነበረን፣ መንገደኛ ነበረን፣ ሻንጣውም ከነዶሮው ነበረ። እነሱ መንገደኛቸውን በሞዴል ቲ ተቀበሉ፤ እኛ በጋሪ። ከዚያ እነሱ ከዓመት ዓመት ሞተር ሲያሳድጉ እኛ ፈረስ ስንለውጥ ኖርን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨቱ በብረት ተተካ። የ1949ኙ ፕላይማውዝ ሰበርባን ሙሉ በሙሉ ብረት ሆኖ ሲወጣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰዉ ግን እንጨቱ ሳይናፍቀው አልቀረም፤ ፎርድ «ካንትሪ ስኳየር» የተባለውን መኪናውን ጎኑ ላይ እንጨት መሳይ ልጣፍ እየለጠፈ እስከ 1991 ድረስ ሸጠው። እኔን አልደነቀኝም። የእኔም ቡፌ ከላይ እንጨት መሳይ ፎርማይካ፣ ከውስጥ ቺፑድ ነው። ካንትሪ ስኳየሩን እላዩ ላይ ያቆምኩት ዕለት ዘመድ ከዘመዱ ተገናኘ።

እነዚያ ሰዎች ለኋላ በር ያፈሰሱት ጭንቀት ለሌላ ነገር ቢውል ስንት ነገር በተሠራ ነበር! ፎርድ በ1966 ወደ ታችም ወደ ጎንም የሚከፈት በር አወጣ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1971 እስከ 1976 በሠራቸው ግዙፎቹ ላይ መስታወቱ ወደ ጣሪያ፣ በሩ ወደ ወለል ሥር እየገባ ድራሹ ይጠፋል። ስቱድቤከር ደግሞ በ1963 ከኋላ በኩል ጣሪያው የሚንሸራተት ዋገን ሠራ፤ ፍሪጅ ቆሞ እንዲጫን ተብሎ። ፍሪጁ ቆሞ ተጓዘ፤ ዝናቡም አብሮት ገባ። የሐምሌን ዶፍ የሚያውቅ አንድ የአቃቂ ሰው እዚያ ፋብሪካ ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ መኪናው ከነሸራው ይሸጥ ነበር። ፎርድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ መቀመጫዎች ገጠመ። ይሄማ የእኛው «ውይይት» ታክሲ ነው። እነሱ እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሕፃናት አስቀመጡ፤ እኛ አባወራ ከነጆንያው።

ይህ ሁሉ ተደክሞበት ዘመኑ አለፈ። ክራይስለር የ1984 ሞዴል ብሎ ሚኒቫን ሲያወጣ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ዞረ። የመጨረሻዎቹ ግዙፎች፣ ቢዊክ ሮድማስተርና ሼቭሮሌ ካፕሪስ ዋገን፣ በ1996 ቀሩ። የሚጭኑት ያጡት ሰዎች መኪናውን ሰለቹት፤ ጭነታችን የማያልቀው እኛ ሳናገኘው ቀረን። እኛ አገር ስቴሽን ዋገን ሲባል ኮድ 4 ላንድክሩዘር ነው፤ መቀመጫው ብዙ፣ ተሳፋሪው አንድ ኃላፊ፣ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ፋይል።

«እውነተኛውን ለምን አታስመጣም?» የሚለኝ ቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ የሚውል ትራንዚተር ጎረቤቴ ነው። ሲቀልድብኝ ነው እንጂ መልሱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥላል። ሞተሩ 7.5 ሊትር የሆነ የ1970ዎቹ ካንትሪ ስኳየር ደግሞ በአንድ ሊትር ቤንዚን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ነው። ፒያሳ ደርሶ ለመመለስ አሥር ሊትር ማለት ነው፤ ማደያ ተሰልፎ ሞተር አስነሥቶ መጠበቁ ሳይቆጠር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ይኸው ጎረቤቴ በሬን አንኳኩቶ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ከእንግዲህ ቀረጡ አያሳስብህም» ብሎኝ ሄደ።

እውነቱን ልናገርና የሚያስፈራኝ ቀረጡም ቤንዚኑም አይደለም፤ እድራችን ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ቀን ጠዋት ስድስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቢዊክ በሬ ላይ ቆሞ ቢገኝ! የእድራችን ዳኛ ኮፈን አያስከፍቱም፤ የሞተሩን ጉልበት አይጠይቁም። በቀጥታ ወደ ኋላው በር ሄደው በከዘራቸው ይለካሉ። «ድንኳኑ ይገባል። ምሰሶው ፖርቶ መጋላው ላይ። ወንበሩ በሁለት ምልልስ ያልቃል። ተመስገን!» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መኪናው የእኔ ነው የሚባለው ሊብሬው ላይ ብቻ ነው። ሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ለፋሲካ በግ፣ ለመስቀል ደመራ እንጨት፣ በጥር ሙሽራ፣ በክረምት ከቢሾፍቱ የጤፍ ኩንታል። ቦሎው፣ ሦስተኛ ወገኑና ጎሚስታው የእኔ፤ ቁልፉ የእድሩ። እምቢ እንዳልል የራሴም ቀን አለ፤ ያን ዕለት ማን ይሸከመኛል?

ታዲያ ለብቻ የሚሆን ስቴሽን ዋገን የት ይገኛል? ክብሪት ቀፎ ውስጥ። ይህን የማስበው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ጃክ ኦዴል የሚባል ባለሙያ ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መምጣት ስለከለከለ፣ አባት ትንሽ የነሐስ ሮለር ሠርቶ በቀፎ ከተተላት። ማችቦክስ የሚባለው ትንንሽ መኪና ከዚህ ተነሥቶ በ1953 ገበያ ወጣ፤ ሆት ዊልስ በ1968 ተከተለ። ቤታቸው ዚንክ ከአሉሚኒየም፣ ከማግኒዚየምና ከመዳብ ጋር ቀልጦ በግፊት ፎርማ ውስጥ እየገባ ይቀረጻል። ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለበት ከዓመታት በኋላ እየሰነጠቀ ይፈራርሳል፤ የብዙ አሮጌ መጫወቻ ሞት በዚህ ነው። ከመለዋወጫ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤቴ ቢዊኩን ገልብጠው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሲያዩት ቆዩና፣ «ቀረጻው ንጹሕ ነው፤ ጠርዙን ሞረድ አልነካውም» ብለው ፈረሙለት። ከዚህ በላይ የጥራት ምስክር ወረቀት አልፈልግም።

መኪኖቼ የሚመጡት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሌላው ጫማ ሲያስልክ እኔ «ከዋገን የተገኘውን» ብዬ አዝዛለሁ፤ እሷም ልጆቻቸውን ጠይቀው በሚመለሱ እናቶች ሻንጣ ውስጥ፣ በካልሲ እየጠቀለለች ትሰደዋለች። አንዷን እናት አየር ማረፊያ ላይ ፈታሿ፣ «እማማ፣ ይሄ ሁሉ መኪና የማን ነው?» ብትላቸው፣ «አደራ ነው ልጄ፤ አንድ የታመመ ሰው አለ፣ የእሱ ነው» ብለው አለፉ። ዕቃው ደኅና ገባ፤ የእኔም ስም አብሮ ገባ። አሁን እኚያ እናት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ተሻለህ ወይ?» ይሉኛል።

ለብቻዬ ያልኩት ነገር ግን ብዙ አልዘለቀም። ማችቦክስ የሠራው ሜርኩሪ ኮሚውተር አለኝ፤ አረንጓዴ ነው፤ በኋላው መስኮት ሁለት ውሾች አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። አንዲት እትዬ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩትና ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ውሾቹ መስኮት ደርሷቸዋል? እኔ ከሳሪስ እዚህ ድረስ የሰው ብብት ሥር ቆሜ ነው የመጣሁት!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በየተራ ውሾቹን ሊጎበኝ ይመጣል። ቀጥሎ ልጇን የምትድር ጎረቤታችን መጥታ ነጩን የ1955 ሼቭሮሌ ኖማድ ለኬክ አናት ለመነች። «ሙሽሮቹ በሱ የሄዱ ያህል ነው» አለች። እምቢ አይባልም። ኖማዱ ሰርጉን አድምቆ ተመለሰ፤ ክሬሙ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳወጣ አመሸሁ። የኬኩ ቁራጭ ግን አልቀረብኝም።

ሁሉንም ያስናቀው የጎረቤት ልጅ ነው። ካንትሪ ስኳየሩን ተቀብሎ ገለበጠ፣ ገፋ፣ ጎኑን ዳሰሰና፣ «ጋሼ፣ መሪው የታል?» አለኝ።

«መሪ የለውም።»

«ታዲያ እንዴት ይታጠፋል?»

«አይታጠፍም።»

በሐዘኔታ አየኝ። እሱ የሚነዳው የሽቦ መኪና አካሉ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው ቆርኪ ነው፤ እስከ ወገቡ የሚደርስ ረጅም መሪ አለው። መሪውን ሲያዞረው የፊት እግሩ እውነትም ይዞራል። በዚያ መሪ ነው ፍሳሹንም፣ ድንጋዩንም፣ የተኛውን ውሻም እየሸሸ ቁልቁል የሚወርደው። ደፈርኩና ካንትሪ ስኳየር እንዲሠራልኝ አዘዝኩት።

ሠርቶ አመጣው። አካሉን ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ቆርጦ ነው የሠራው፤ የአሜሪካ ስም በትልልቁ ኮፈኑ ላይ ስለቀረ የየት አገር መኪና እንደሆነ ማንም አይከራከርም። እንጨት የተባለው ጎኑ ቡናማ ካርቶን ነው። የኋላው በር በሽቦ ማጠፊያ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይከፈታል፤ ስለ ፎርድ የነገረው ሰው የለም። ሒሳቡን ከፍዬ ወደ ቡፌው ላነሣው ስል እጄን ያዘ።

«እዚያ ቆሞ ምን ይሠራል?»

ተከራክረን ተስማማን። ባለንብረቱ እኔ፣ ሹፌሩ እሱ፣ ማደሪያው እኔ ቤት። በመጀመሪያው ቀን ሥራው ከሱቅ ለባለቤቴ ጨውና ክብሪት ጭኖ መጣ፤ ባለቤቴ ከሁሉም መኪኖቼ የረባው ይሄ ነው ብላ ከስኒዎቿ አጠገብ ቦታ ለቀቀችለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የእድራችን ዳኛ መንገድ ላይ አገኙት። ቆሙ፤ ጎንበስ አሉ፤ የኋላውን በር ከፍተው በስንዝር ለኩ።

«የእድሩ ማኅተምና የደረሰኝ ጥራዝ ይገባበታል» አሉ።

ይኸው አሁን ስብሰባ ባለ ቁጥር ማኅተሙ ከጸሐፊው ቤት ወደ አዳራሹ የሚሄደው በእኔ ስቴሽን ዋገን ነው። ሹፌሩ አበል ጠይቆ ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ጥገናው ግን ያለ ክርክር በእኔ ላይ ተወስኗል።