ሳላና ሕፃን የሚስማሙበት ሰዓት

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የፓርኩ ሳላ በማለዳና ወደ ማታ ይሰማራል፤ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ፍለጋ ይገባል። የከተማ ቤተሰብ ግን ቢሾፍቱ ቁርስ፣ አዳማ ምሳ ብሎ፣ በየመሀሉ ልጅ እያሸና ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ይደርስና ባዶ ሜዳ ለልጆቹ ያስጎበኛል። የጅቡቲው አስፋልት ፓርኩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ተሳቢ መኪና እንደ ልብ ይታያል። ልጆቹማ ዐይናቸው ያለው ሙዝ ሊነጥቅ መስኮቱ ሥር የቆመው ዝንጀሮ ላይ ነው። ምን ያድርጉ? መጥቶ የጎበኛቸው እሱ ብቻ!

«አገራቸውን ይወቁ ብለን እኮ ነው» የሚል አይጠፋም። መልካም፤ ግን የሦስት ዓመት ልጅ አገር የሚያውቀው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ከግራሩ ማዶ ያለችው ቡናማ ነጥብ ሳላ ትሁን ጉቶ አባትየውም ገና አልለየም። «ሕፃን ይዞ በሌሊት አይወጣም» የሚለው ደግሞ ጨርሶ አያስኬድም። ለመሆኑ እቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነቅቶ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ማን ሆነና ነው? ከቤተሰቡ ሁሉ ሰዓቱ ከሳላ ጋር የገጠመው እሱ ነው፤ በጉዞው ቀን ግን ትልልቆቹ እስኪነሱ ስልክ ላይ ካርቱን ይከፈትለታል። አዋሽ ሰባት አድሮ ጎህ ሲቀድ ፓርኩ መግባት ይቻል ነበር። ታዲያ የማታውን ጥብስና ቢራ አባትየው ለማን ይተወው?