ከቀበና ጎጃም በረንዳ በባትሪ

የመርካቶዋ ጎጃም በረንዳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መንገዱ የተሸካሚ ነው። ከአይሱዙ ላይ ጆንያ የሚያራግፉት ልጆች ኩንታሉን ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ሲያልፉ የሚታያቸው መሬቱ ብቻ ነው። ስለዚህ “ዞር በሉ፣ ሸክም ነው!” ሲባል ሚኒባሱም፣ ጋሪውም፣ ዘንቢል ያንጠለጠለችው ሴትም ገለል ይላሉ። እኔም ከነኤሌክትሪክ ሳይክሌ ገለል እላለሁ። እዚያ የአንዲት ጅምላ አከፋፋይ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ቤቴ ግን ቀበና ነው።

በታክሲ ከሆነ መጀመሪያ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ መርካቶ፤ በየቦታው ሰልፍ አለ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጎጃም በረንዳም በስሟ ጣቢያ አግኝታለች። ሐዲዱ ግን ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳና በአውቶቡስ ተራ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ነው የሚወርደው፤ ለቀበና ሰው አይጠቅምም። ሳይክሉን የገዛሁት ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ወዳጄ ነው። እንደማንኛውም ሳይክል ፔዳል አለው። የኋላ ጎማው እምብርት ላይ 250 ዋት ሞተር ተገጥሞለታል፣ ባትሪው ደግሞ በቁልፍ እየተነቀለ ቤት ይገባል።

አዲስ አበባ ዳገት ስለሆነች ለሳይክል አትመችም ሲባል ነው ያደግነው። ነገሩ እውነትነት አለው። ከቀበና አራት ኪሎ ዳገት ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዱና ድልድዩን ተሻግሮ ፒያሳ እስኪደርሱ እንደገና ዳገት ነው። ሞተር ያለው ሳይክል ግን ይህን ወሬ ያረጀ ወሬ ያደርገዋል። ፔዳሉን ስረግጥ ሞተሩ ከኋላ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ እንደሚገፋኝ ወንድም ያግዘኛል። ሸሚዜ ሳይረጥብ ሥራ እገባለሁ። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የሳይክል መስመር ላይ ስሄድ ይህች ከተማ ለእኔም ታስባለች ብዬ ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው የምለው። ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ ስወርድ ግን መስመሩ አብሮኝ አይወርድም። (አትክልት ተራ ዛሬ ስሙ ብቻ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል፤ ወያላው ግን አሁንም “አትክልት ተራ ወራጅ አለ?” ይላል።)

የመጀመሪያው ጣጣ ሶኬት ነበር። አሠሪዬ እትዬ መልካም ሴት ናቸው፣ ግን ቆጣሪያቸው በካርድ የሚሞላ ነው። “ልጄ፣ ካርዱ ካለቀ ኮምፒዩተሩም ይዘጋል፤ ይኼ ነገር ስንት ነው የሚበላው?” አሉኝ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁላቸው። ባትሪው 36 ቮልት፣ 10 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲሞላ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ ዋት አካባቢ ይወስዳል። ምጣዱ አሥር ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ የሚጨርሰውን እኔ ቀኑን ሙሉ እሄድበታለሁ። እትዬ ወረቀቱን ደጋግመው አዩና “ታዲያ ይኼን ስንት ሰው ያውቃል?” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚዛኑ ሥር ያለችው ሶኬት የእኔ ናት።

የእትዬ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። የመኪና ዋጋ በሕልሙም የማይደርስበት ሰው ግን በጣም ብዙ ነው። በምጣድ አሥር ደቂቃ ከተማ አቋርጦ ስለሚያደርሰው ነገር ይበልጥ ሊነገር ይገባ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ነገሮች ሁሉ ተደራረቡ። ማታ ቀበና መብራት አልነበረም። ጠዋት በተረፈችው ቻርጅ መርካቶ ደረስኩ፤ እዚያም መብራት የለም። ከሰዓት በኋላ ባንክ ደርሼ ስመለስ ከተፈታ ሣጥን የወደቀ ሚስማር የኋላ ጎማዬን ወጋው። ዝናቡም መጣ።

ጎሚስታው ሸራ ወጥሮ የሚሠራ ወጣት ነው። ጎማውን ከማየቱ በፊት ከእምብርቱ የሚወጣውን ጥቁር ገመድ በጣቱ ተከትሎ እስከ ባትሪው አጠናው። ብሎኑን አልነካም። “ይኼን ብፈታው ገመዱን እጎዳብሃለሁ፤ ሳልፈታ እሠራዋለሁ” አለኝ። ሳይክሉን ገለበጠና በሁለት ጠፍጣፋ ብረት የጎማውን አንድ ጎን ብቻ ከቸርኬው አወጣ። ካላማደሪያውን ከውስጥ ጎትቶ በእጅ ነፋው፤ ኮምፕሬሰሩ ያለ መብራት አይሠራማ። ሳፋው ሳይክሉ ሥር አይገባም ነበርና ውሃ በመዳፉ እየዘገነ ካላማደሪያውን ስንዝር በስንዝር አረጠበው፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በጥርሱ ይዞት በነበረው እስክሪብቶ ከበበው። አደረቀ፣ በሻካራ ወረቀት ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ለጠፈ። ከዚያ እጁን ጎማው ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ዳበሰና የሚስማሩን ጫፍ አወጣ። “ይቺ ብትቀር መንገድ ላይ ትደግምህ ነበር” አለ። እንዲህ ያለ ሞተር አይቶ እንደማያውቅ የነገረኝ ሒሳብ ስከፍለው ነው።

ጎማው ዳነ፣ ባትሪው ግን ባዶ ነው። ሞተርና ባትሪ ያለው ሳይክል ከባድ ነው፤ ከጎጃም በረንዳ ጊዮርጊስ ድረስ በዝናብ መግፋት ለብቻ አድካሚ ነው። ዳር ላይ ጋሪውን ተደግፎ የቆመ ሰው ጠራኝ። “ወንድሜ፣ ምን ያለፋሃል፣ ጋሪው ላይ አውጣት እንጅ!” በዋጋ ተስማማንና ጫንናት። ደምበጫ ነው ያደገው። ባሕር ዳር አንድ ዓመት ተቀምጦ ሳይክል እየተከራየ ይነዳ እንደነበር ነገረኝ። “እዚያ ሜዳ ነው፤ አስተማሪውም ተማሪውም በሳይክል ነው። እዚህ መጥቸ ሳይክል ረሳሁ” አለ።

እሱ ከፊት እየጎተተ፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ዳገቱን ያዝን። ድካም ሲበረታ ድንጋይ ታኮ አድርጎ ያሳርፈናል። የእጁ መዳፍ ጋሪው በሚያዝበት በኩል እንደ ቆዳ ደርቋል። ይህን ዳገት ሁለት ኩንታል ጭኖ እንደሚወጣው፣ የሚያስቸግረው ግን ቁልቁለቱ እንደሆነ ነገረኝ። ጋሪው ፍሬን የለውም፤ ጭነቱ ሲገፋው በተረከዙ ነው የሚይዘው፣ ጫማው ከወር አያልፍም። በየቀኑ በጋሪዎች አጠገብ አልፍ ነበር፤ ጋሪ ፍሬን እንደሌለው ግን አስቤው አላውቅም።

ጊዮርጊስ ስንደርስ ሳይክሉን አውርዶ ጎንበስ ብሎ የኋላውን እምብርት አየ። “ይኼ ለጋሪ አይሆንም?” አለኝ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ ይሆናል። አንድ ሰው በፍጥነት የሚወስደው ሞተር ፍጥነቱ በማርሽ ተቀንሶ ጋሪን በእግር ፍጥነት ቢወስድ ለሁለት ኩንታል ቀላል ዳገት አያንሰውም። ከሁሉ በፊት ግን ፍሬን። በመርካቶ ዕቃ ከመጋዘን ሱቅ፣ ከሱቅ መኪና የሚሄደው በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነው። የሳይክል መስመሩ አንድ ቀን ወደ መርካቶ ሲወርድ ለጋሪም እንዲበቃ ሰፋ ተደርጎ ቢሠራ እወዳለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ይቅደሙበት።

በሳምንቱ ሦስታችን፣ ጎሚስታው፣ የደምበጫው ልጅና እኔ፣ ምናለሽ ተራ አንድ በያጅ ጋ ሄድን። የጋሪውን አክስል በሲባጎ ለካልንለት። ፍሬኑ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ሊወሰድ እንደሚችል፣ ሞተሩ ግን ለብቻው ሦስተኛ እግር እንደሚፈልግ በጠመኔ መሬት ላይ ሥሎ አሳየን። መጀመሪያ ፍሬኑን እንዲሠራ ተስማማን፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ባለ ጋሪው እንከፍላለን። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካለ ይበየዳል።