ለድንጋይ መብራት ለሚገዙ ሰዎች

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ በሚገኘው ሳሎንዎ 450 ሊትር የጨው ውሃ በመስታወት ገንዳ አስቀምጠው፣ በውስጡም ሕይወት ያላቸው ኮራሎች ተክለው ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት። ለምን እንዳደረጉት አልጠይቅም፤ እስካሁን የጠየቁዎትም አጥጋቢ መልስ ያገኙ አይመስለኝም። ይህ ምክር የሚመለከተው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ የመብራት ቢሉ ደርሶ፣ ባለቤትዎ ፖስታውን ቀድመው ከፍተው፣ «ይሄ የኛ ነው?» ብለው በጣም በጨዋ ድምፅ የሚጠይቁበትን ቀን።

በዚያን ቀን የሚያዋጣው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «መብራቱን ኃይል ቆጣቢ አደርገዋለሁ» ይበሉ። ቃል ከአፍ ከወጣ ግን መፈጸም አለበትና ወደ ሥራው እንግባ።

አስቀድመው ሊቀበሉት የሚገባ መራራ እውነት አለ። መብራቱ የሚገዛው ለእርስዎ አይደለም፤ ለአሳውም አይደለም። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ለሚኖሩ፣ በዓይን ለማይታዩ አልጌዎች ነው። እነዚህ ደባሎች ብርሃኑን ወደ ምግብ ይለውጡና አብዛኛውን ለቤቱ ጌታ ለኮራሉ ይከፍላሉ፤ ኮራሉ በኪራይ ነው የሚተዳደረው። ብርሃን ካነሰ ኪራዩ ይቀንሳል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ደባሎቹ መርዛም ኦክስጅን ማመንጨት ይጀምራሉ፣ አከራዩም አስወጥቷቸው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ካርቶን ላይ «ይህን ያህል ሺህ ሉመን» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ልብዎ አይደንግጥ። ሉመን የሚለካው ብርሃኑ ለሰው ዓይን የቱን ያህል እንደሚደምቅ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ በቀን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። በባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን ገና በጥቂት ሜትር በውሃ ተውጦ ሲያልቅ፣ ወደ ታች የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። አልጌዎቹም ለዚያው የተሠሩ ናቸው፤ በደንብ የሚጠቀሙበት ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን ነው። ለዓይንዎ አምሮ ለአልጌው የማይረባ ብርሃን፣ ዋቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ብክነት ነው። ሳሎንዎ በዚህ የተነሣ ጭፈራ ቤት እንደሚመስል ልደብቅዎ አልፈልግም።

የቀደሙት ኮራል አርቢዎች ሜታል ሃላይድ ይጠቀሙ ነበር። የእርስዎን በሚያህል ገንዳ ላይ ሁለት ባለ 250 ዋት አምፖል ይሰቀላል። ከገንዳው ወለል ላይ የሚጫወተውን የብርሃን ሞገድ እስከ ዛሬ የሚናፍቁ አሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ያምራል። ግን መብራቱ ውሃውን ያሞቃል፤ ውሃው ሲሞቅ ማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛል፤ ማሽኑ ሙቀቱን ወደ ሳሎን ይተፋል፤ ሳሎኑ ሲሞቅ የቤቱ ኤሲ ይነሣል። ለአንድ አምፖል ሦስት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ቲ-5 የሚባለው ቀጭን ፍሎረሰንት ይሻላል፣ ብርሃኑንም እኩል ያዳርሳል፤ ነገር ግን ቱቦው ዓመት ሊሞላው ሲል ይደክማል፣ መድከሙም ለዓይን አይታወቅም።

አሁን ዘመኑ የኤልኢዲ ነው። ብዙ ብርሃን በጥቂት ኃይል የሚሰጠውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የፈጠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። የተሸለሙት ሰማያዊው ቆጣቢ ነጭ መብራት ስላስገኘ ነበር። እርስዎ ግን ነጩን ዝቅ አድርገው ሰማያዊውን ስለሚያበሩ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ያለ አማላጅ እንደተገናኙ ይቁጠሩት።

ለባለቤትዎ የሚቀርበው ሂሳብ እንዲህ ነው። 500 ዋት በቀን 9 ሰዓት ሲበራ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመት 1,642 ገደማ ይሆናል። በ200 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ 657 ይሆናል። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው ቢባል፣ በዓመት 148 ዶላር ገደማ ይተርፋል። ይህችን ቁጥር ጮክ ብለው ያንብቡ። ደህና የሚባሉ ሁለት መብራቶች ዋጋ ከሺህ ዶላር ሊያልፍ እንደሚችል ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ በተለይ ዜና ሲጀመር ይናገሩ። ማካፈል የሚያውቅ ቤተሰብ «ሰባት ዓመት!» ማለቱ አይቀርም። ያኔ በየዓመቱ የማይገዛውን አምፖልና ሥራ የሚፈታውን ማቀዝቀዣ ያስቆጥሩ፤ ዓመቱ ያጥራል። ኤልኢዲ ሙቀቱን በማራገቢያ ወደ ላይ ስለሚያስወጣ፣ በክረምት የገንዳው ማሞቂያ ከበፊቱ የበለጠ መሥራቱን የሚያነሣ ሰው ካልመጣ እርስዎ አያንሡት።

ትልቁ አደጋ ቢሉ ከቀነሰ በኋላ ነው። ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1865፣ የእንፋሎት ሞተር ቆጣቢ እየሆነ በሄደ ቁጥር አገሩ የምታነደው የድንጋይ ከሰል እንደሚጨምር ጽፎ ነበር። ጄቮንስ ኮራል አላረባም፤ እርስዎን ግን በደንብ ያውቅዎታል። ወዲያው «300 ዋት አትርፌያለሁ እኮ» ይሉና አንድ ተጨማሪ የሞገድ ፓምፕ ይገባል። ከዚያ ለኮራል ቁርጥራጭ ማሳደጊያ የምትሆን ትንሽ ገንዳ ምድር ቤት ትቀመጣለች። ትንሿም መብራት ትፈልጋለች፤ ቆጣቢ መብራት ነዋ!

ቀልዱን ትቼ የምመክርዎ የመለኪያውን ነገር ነው። ኮራል አርቢዎች ፓር የሚሉት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ነው፤ የሚቆጠረው በማይክሮሞል፣ በካሬ ሜትር፣ በሰከንድ ነው። መለኪያው ውድ ስለሆነ አይግዙት፤ ተከራይተው ወይም ከሌላ አርቢ ተውሰው በየድንጋዩ አናት ይለኩ። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ባለው በደስታ ይኖራሉ። አክሮፖራ የሚባለው ባለ ቅርንጫፉ ከ200 እስከ 350 ይሻል። የሞቃት ባሕር ገጽ በቀትር ወደ 2,000 ይደርሳል፤ እሱን ለባሕሩ ይተዉለት። ከዚህ እንደሚያዩት የተሻለው ቁጠባ ትሑት ኮራል መምረጥ ነው፤ ለስላሳዎቹን ያኖረ ሰው ያንኑ መብራት በግማሽ አቅሙ ያበራዋል። ይህን ምክር የሚሰማ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ሁሉም አክሮፖራ ነው የሚፈልገው። ቢያንስ አዲሱን መብራት በመጀመሪያው ቀን እስከ ጥጉ አይክፈቱት፤ ከ30 ወይም 40 በመቶ ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት፤ አለዚያ ደባሎቹ ይባረራሉ።

እንግዳም ሌላ ፈተና ነው። እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት አክስትዎ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ መስታወቱ ይጠጋሉ።

«ለድንጋይ ነው ልጄ ይሄ ሁሉ መብራት?»

«እንስሳ ነው አክስቴ።»

«ይበላል?»

«ይበላል፣ ጥቂት።»

«ይንቀሳቀሳል?»

«ማታ ማታ፣ ትንሽ።»

ክርክሩን እዚህ ላይ ያቁሙት። አክስትዎ «እስቲ ማታውን እንየው» ብለው ሲቀመጡ፣ መብራቱን ለእሳቸው ክብር ማቆየት ያምርዎታል። አያድርጉት። ለኮራል ዘጠኝ አሥር ሰዓት ይበቃዋል፤ ትርፉ ሰዓት የሚያሳድገው መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነው። ከሥራ ሲመለሱ እንዲያዩት ታይመሩን ከቀትር በኋላ እንዲከፍት፣ በመኝታ ሰዓት እንዲዘጋ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ።

በመጨረሻ የመስኮቱ ጉዳይ አለ። ሐምራዊ ብርሃን ማታ መንገድ ድረስ ሲፈስ ጎረቤት የሚገምተው ኮራልን አይደለም፤ ሌላ ተክል ነው። ቨርጂኒያ ከሆኑ፣ ሕጉ ከ2021 ጀምሮ በአንድ ቤት እስከ አራት የካናቢስ ተክል ማብቀል ስለሚፈቅድ ከፖሊስ በኩል ብዙም አይስጉ። የዕድራችሁ ሰዎች ግን ሕጉን አላነበቡም። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ። መጋረጃ ዋት አይበላም፤ ዋጋውን ግን ከ148ቱ ዶላር ላይ መቀነስዎን አይርሱ።